የእናቴ ስኳር ወደ ጤናማው ልክ ተመለሰ፤ እግሯ ግን ለምን ደከመ?

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የ72 ዓመቷን እናቴን ይመለከታል። ባለፈው ዓመት በተደረገላት ምርመራ ምግብ ሳትቀምስ የተለካው የደም ስኳሯ 116፣ የሦስት ወሩ አማካይ ደግሞ 6.1 በመቶ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሐኪሟ ቅድመ ስኳር በሽታ ደረጃ ላይ መሆኗን ነግሯት ያለ መድኃኒት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ እንድትቆጣጠረው መከራት። እንቅስቃሴውን ብዙም አልያዘችውም፤ አመጋገቡን ግን ከታዘዘችው በላይ አጠበቀችው። ቡናዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፣ የማታ እንጀራ ተወች፣ በአጽዋማት ወቅትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ መቆየትን ለስኳሩም ይበጃል ብላ አዘወተረችው። ዘንድሮ በድጋሚ ስትመረመር የጾም ስኳሯ (ምግብ ሳትቀምስ የተለካው) 98፣ የሦስት ወሩ አማካይ 5.6 በመቶ ሆነ። ወደ ጤናማው ልክ ተመልሰዋል ስትባል ቤተሰቡ ሁሉ ተደሰተ።

እኔን ያሳሰበኝ በዚሁ ጊዜ ውስጥ በሰውነቷ ላይ የማየው ለውጥ ነው። ክብደቷ ከ71 ኪሎ ወደ 63 ወርዷል። ከሶፋ የምትነሣው በእጇ ተደግፋ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ቀድሞ ሳታርፍ ትወጣው ነበር፤ አሁን መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን ሳትሰበስብ አትጨርሰውም። ታናሽ ወንድሜ «ዕድሜ ነው» ይላል፤ እኅቴ ደግሞ ስኳሩ ከተስተካከለ ጉልበቱም ቀስ በቀስ ይመለሳል ባይ ናት። ለመሆኑ ቅድመ ስኳር የሚባለው ደረጃ ገና በሽታ ሳይሆን የአረጋውያንን የመንቀሳቀስ አቅም ይጎዳል? የሚጎዳ ከሆነስ፣ ቁጥሩ ሲመለስ አቅሙ አብሮ ይመለሳል ማለት ነው? የደም ግፊት መድኃኒት እንደምትወስድና ጉልበቷን እንደሚያማት አብሬ ልግለጽ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

እናትዎን በአካል ሳላያቸው ስለ እርሳቸው ብያኔ መስጠት አልችልም፤ የጠየቁት ነገር ግን በየቀኑ የምናየውና ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ከ100 እስከ 125 ያለውን የጾም ስኳር ቅድመ ስኳር ሲለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን መነሻውን 110 ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ 103 ያለው ሰው በአንዱ መለኪያ ሕመምተኛ ለመሆን የተቃረበ፣ በሌላው ጤነኛ ሊባል ይችላል። የእናትዎ 116 በሁለቱም መለኪያ ቅድመ ስኳር ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም መዋዠቁ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አራት ማኅበረሰቦችን ለረጅም ዓመታት ሲከታተል የቆየው አሪክ የተሰኘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት፣ ዕድሜያቸው ከ71 እስከ 90 ከሆኑትና በጾም ስኳራቸው ቅድመ ስኳር ከተባሉት መካከል፣ በስድስት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ የተሸጋገሩት 8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ 44 በመቶው ወደ ጤናማው ልክ ተመልሰዋል፤ 16 በመቶው ደግሞ በልዩ ልዩ ምክንያት አርፈዋል። በሦስት ወሩ አማካይ በተለዩት ዘንድ የተሸጋገሩት 9፣ የተመለሱት 13፣ ያረፉት 19 በመቶ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ከስኳሩ ይልቅ ሌላ ነገር ቀድሞ እንደሚደርስ ከቁጥሮቹ መረዳት ይቻላል፤ እኛ ሐኪሞች ግን የላቦራቶሪውን ወረቀት ብቻ እያየን «እንኳን ደስ አለዎት» ማለት ይቀናናል።

ስኳር ሊወርድ የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሰው በእንቅስቃሴና በተመጣጠነ ምግብ የሆድ ስቡን ቀንሶ ጡንቻውን ከጠበቀ ስኳሩ ይወርዳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ይሁን እንጂ ሰው በመራቡም፣ በመታመሙም፣ በመክሳቱም ስኳሩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ያማረው ሰውነቱ እየተጎዳ ነው። ምግብ በመቀነስ ብቻ በሚመጣ ክብደት መቀነስ ውስጥ ሩብ ያህሉ ከስብ ውጪ ካለው የሰውነት ክፍል፣ በተለይም ከጡንቻ የሚሄድ ሲሆን፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ያን ጡንቻ መልሶ መገንባት በጣም ያዳግተዋል። እናትዎ የቀነሱት 8 ኪሎ ከቀድሞ ክብደታቸው 11 በመቶ በላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሳይታሰብ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መክሳት ራሱን የቻለ ምርመራ የሚጠይቅ ምልክት ነው። ምግብ ስለቀነሱ ነው የከሱት የሚለው ምክንያት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሌላው ሁሉ ሳይታይ እርሱን ብቻ ይዞ መቀመጥ አይገባም።

ስለዚህ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የጉበት፣ እንዲሁም የቫይታሚን ቢ 12 ምርመራ ቢደረግላቸው እላለሁ። ስለ ጥርሳቸው፣ ስለ ምግብ ፍላጎታቸው፣ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ስሜታቸውም ይጠየቁ። የደም ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ይለካ፤ በ71 ኪሎ ጊዜ የተመጠነ የግፊት መድኃኒት በ63 ኪሎ ጊዜ ሊበዛባቸውና ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የግፊት መድኃኒትም፣ ለጉልበት ሕመም የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉና ያለፈው ዓመት ቁጥር በተለካበት ሰሞን ምን ይወስዱ እንደነበር ቢያስታውሱ ይጠቅማል።

ነርስ፣ ስቶክሆልም

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፣ ማለትም ቅድመ ስኳር በራሱ የመንቀሳቀስ አቅምን ይጎዳል ወይ ለሚለው፣ እኔ በምኖርበት ከተማ የተደረገ ጥናት ቀጥተኛ መልስ አለው። በስቶክሆልም ኩንግስሆልመን በተባለው ሠፈር የሚኖሩና ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየጊዜው እየተጠሩ ይመረመራሉ፤ ደማቸው ይወሰዳል፣ የእርምጃቸው ፍጥነት ይለካል፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሡና እንዲቀመጡ ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ትንተና እስከ 12 ዓመት የተደረገውን ክትትል መሠረት አድርጎ እንዳሳየው፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ብቻ ሳይሆኑ ቅድመ ስኳር ላይ ያሉትም ስኳራቸው ጤናማ ከሆነው እኩዮቻቸው ይልቅ እርምጃቸው በፍጥነት እየዘገየ፣ ከወንበር መነሣቱም እየከበዳቸው ይሄዳል። በኋላ ወደ ስኳር በሽታ መሸጋገር አለመሸጋገራቸው ከግምት ገብቶ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። የልብና የደም ሥር ሕመሞች ከፊሉን ያብራሩታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያብራሩትም።

ምክንያቱን በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ከምግብ በኋላ ወደ ደም የሚገባው ስኳር አብዛኛው የሚከተትበት ጎተራ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ለኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን) የሚሰጠው ምላሽ ሲዳከም ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ኢንሱሊን ደግሞ የጡንቻን ፕሮቲን ከመፈራረስ የመከላከል ሥራም ስላለው ጡንቻው ራሱ እየሳሳ፣ በቃጫዎቹ መካከልም ስብ እየተከማቸ ይመጣል። ጡንቻው በሳሳ ቁጥር ስኳሩን የሚቀበለው ቦታ ይጠብባል። በዚህ ላይ ቀስ ብሎ የሚነድድ የሰውነት መቆጣት፣ የጥቃቅን ደም ሥሮች መጥበብና በአንዳንዶች ላይ ገና በዚህ ደረጃ የሚጀምር የእግር ነርቭ ጉዳት ይጨመራሉ።

ከዚህ ተነሥቶ የእኅትዎ ግምት ልክ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። በዚያው ሠፈር በተደረገ ሌላ ትንተና፣ ቅድመ ስኳር ከነበራቸው መካከል 22 በመቶ ያህሉ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ ጤናማው ልክ የተመለሱ ሲሆን፣ ከመመለሱ ጋር ተያይዘው የተገኙት የደም ግፊት ዝቅ ማለት፣ የልብ ሕመም አለመኖርና የክብደት መቀነስ ነበሩ። ክብደት የቀነሰ ሁሉ ግን እግሩ በረታ ማለት አይደለም። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ክብደት ሲወርድ ቅድሚያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ወረደ?» ብቻ ሳይሆን «ከወንበር ይነሣሉ?» የሚለውንም ነው።

ጡረተኛው መምህር

የሁላችሁም ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም አንድ ተቃውሞ አለኝ። እኔ 76 ዓመቴ ነው፤ ቅድመ ስኳር ከተባልሁ ቆየሁ። በራሱ በሐኪሙ ቁጥር ከመቶ ሰው ስምንት ወይም ዘጠኙ ብቻ ወደ በሽታው ከተሸጋገሩ፣ አሮጌውን ሰው «ስኳር መጣብህ» ብሎ ማስፈራራት ምን ይጠቅማል? የጠያቂው እናት ያን ያህል የከሱት በስኳሩ ሳይሆን በማስጠንቀቂያው ፍርሃት ይመስለኛል። ጎረቤቴም እንዲሁ ፈርተው ማርና ወተት ከመተው አልፈው ምስር እንኳ ስኳር አለው ብለው ትተውት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

በመምህሩ ተቃውሞ ውስጥ ብዙ እውነት አለ፤ ፍርሃት አረጋውያንን የሚያሳጣቸው ምግቡን ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴውንም ጭምር ነው። ሆኖም ማስጠንቀቂያውን መተው ሳይሆን ወደ እግር ማዞር ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመውና ከ3,200 በላይ ሰዎችን ያሳተፈው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴንና 7 በመቶ ክብደት መቀነስን ዓላማው አድርጎ ወደ ስኳር በሽታ መሸጋገርን በጠቅላላው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን ቅነሳው 71 በመቶ ደርሷል። አረጋዊ ሰው በእንቅስቃሴ አይለወጥም የሚለውን የሠፈር ወሬ ይህ ብቻውን ይሽረዋል።

አሁን ለጠያቂው፦ እናትዎን ሐኪም ጋር ከመውሰድዎ በፊት ቤት ውስጥ ሊለኩ የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ በተከታታይ እንዲነሡና እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ወይም ያለ እጅ መነሣት ካልቻሉ የእግር ጡንቻ መድከሙን ያሳያል። ቀጥሎ በደልዳላ ወለል ላይ 4 ሜትር ለክተው በተለመደው እርምጃቸው እንዲሄዱ ያድርጉ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ0.8 ሜትር በታች ነው ማለት ሲሆን፣ ይህ እኛ ባለሙያዎቹ ትኩረት የምንሰጠው መስመር ነው። ሲለኩ አጠገባቸው ቁሙ፤ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ያቁሙ።

ለማጠንከር የሚረዳው ደግሞ የእግር ጉዞ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ «እናታችን በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ያ ይበቃታል» ሲል እሰማለሁ፤ ጉዞው ለልብና ለመንፈስ ጥሩ ነው፤ የጭን ጡንቻን ለመገንባት ግን ክብደት የሚገፋ ሥራ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ከዚያው ወንበር ቀስ ብሎ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ አንድ የደረጃ እርከን እየወጡ መውረድ፣ በውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሁለት እጅ እያነሡ ማውረድ ለመጀመር በቂ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት፤ ቁመቱ ሲጨምር ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ሲለምዱት ትራሱን ያንሡ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆኑና እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 1,635 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ጉዞን ከጡንቻ ማጠንከሪያና ከሚዛን ልምምድ ጋር ካቀናጁት መካከል 400 ሜትር መራመድ እስኪያቅታቸው የደረሱት 30.1 በመቶ፣ የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ደግሞ 35.5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን መድኃኒት የማያመጣው ልዩነት ነው።

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተነገረኝ መሠረት ለካሁ፤ አምስት ጊዜ ለመነሣት 19 ሰከንድ፣ 4 ሜትሩን ለመሄድ 6 ሰከንድ ወሰደባት። ወደ ሐኪም ወስደን በተደረገው ምርመራ ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ጉበቷ ደህና ሲሆኑ፣ የደም ማነስ እንዳለባትና ምክንያቱም የብረት እጥረት እንደሆነ ተነገረን። ለጉልበቷ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛች ለረጅም ጊዜ ስትወስድ መቆየቷንም ያወቅነው ያኔ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንድ ዘመድ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወጣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ትጀምር ይላል። ሌላው፣ ጾሟን ተይ ብንላት በፍጹም አትሰማንም፤ እኛም ልንላት አንፈልግም። በጾም ምግብ ጡንቻ መገንባት ይቻላል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

የደም ማነሱ መገኘቱ ብዙ ነገር ያብራራል። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ኦክሲጅን የሚሸከመው ደም በመቀነሱም ጭምር ሊሆን ይችላል፤ ያን ሁሉ በቅድመ ስኳር ወይም በዕድሜ ብናሳብብ ኖሮ ያመልጠን ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ብረቱ የት ሄደ የሚለው ነው። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን አቁስለው ቀስ በቀስ ሊያደሙ ይችላሉ፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒት በሚወስድ አረጋዊ ላይ ደግሞ ለኩላሊት አይበጁም። ስለዚህ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ያቁሙት፤ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ማስታገሻ ይሞከር። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ በዚህ ዕድሜ የብረት እጥረት የተገኘበት ሰው የላይኛውና የታችኛው የምግብ ቧንቧ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሊታይለት ይገባል፤ ክብደት መቀነሱ ሲጨመርበት ደግሞ የግድ ነው።

የብረት እጥረት የሦስት ወሩን አማካይ ውጤት ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በቅርቡ ብዙ ደም ፈስሶ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም 6.1ም ሆነ 5.6 የነበሩት ቁጥሮች ላይ ብዙ መመራመር ጥቅም የለውም፤ ደሙ እስኪስተካከል የጾም ስኳሩን ይከተሉ።

ሜትፎርሚንን በተመለከተ ለእናትዎ አይታየኝም። ፊዚዮቴራፒስቱ በጠቀሱት የ2002 ጥናት ውስጥ መድኃኒቱ በጠቅላላው 31 በመቶ ቅነሳ ቢያሳይም፣ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የነበረው ጥቅም አነስተኛ ነበር። የምግብ ፍላጎትን መቀነሱና በረጅም ጊዜ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ማምጣቱ ደግሞ ለከሳ፣ ደም ላነሰው፣ እግሩ ለደከመ ሰው የማይመች ነው። ስኳራቸው 98 ሆኖ ሳለ መድኃኒት የሚጀመርበት ምክንያት የለም።

ስለ ጾሙ፣ እናንተ ያላችሁበት አቋም ትክክል ነው። የሚበሉትን ዓይነት መለወጥ አያስፈልግም፤ ችግሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለእናትዎ ከ63 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። ኩላሊታቸው ደህና ስለሆነ የሚከለክላቸው የለም። ይህን በአንድ የዘጠኝ ሰዓት ማዕድ መጨረስ ለእርሳቸው ከባድ ነው፤ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ፉል፣ የሽምብራ አሳ፣ ኦቾሎኒ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢቀርብ ግን ይሞላል። የማታውን እንጀራ በትንሹ ይመልሱት። ሰዓቱን ስለማሳጠር የነፍስ አባታቸው ቢነግሯቸው ከልጅም ከሐኪምም ይልቅ ይሰማሉ፤ ለሕሙማንና ለአረጋውያን ፈቃድ መስጠት ለካህናቱ የተለመደ ነው። በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተት ይጨመሩ።

ነርስ፣ ስቶክሆልም

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የብረት እንክብሉን ከቡናና ከሻይ ጋር አይውሰዱት፤ ሁለቱም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ከቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ሰገራ በእንክብሉ ምክንያት ይጠቁራልና እንዳትደነግጡ፤ እንክብሉ ሳይጀመር በፊት ጠቁሮ ከነበረ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ተረድቻለሁ። የወንበሩን ልምምድ በሁለት ትራስ ጀምራለች፤ ከእኅቴ ልጅ ጋር ነው የምትሠራው። ድጋሚ ምርመራው መቼ ይሁን?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

የደም መጠናቸው ብረቱን ከጀመሩ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ይታይ። የጾም ስኳሩን፣ ክብደቱን፣ የወንበሩንና የ4 ሜትሩን ልኬት ግን በሦስተኛው ወር በአንድ ቀን አድርጋችሁ ጎን ለጎን ጻፉት። ስኳሩ ወደ 105 ወይም 108 ከፍ ብሎ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ጨምሮ፣ ወንበሩ ከ19 ወደ 15 ሰከንድ ወርዶ ብታገኙ እኔ እንደ መሻሻል ነው የምቆጥረው፤ እኅትዎም እንዲሁ እንዲያዩት ይንገሯቸው። የኢንዶስኮፒው ቀጠሮ ግን ሦስት ወር አይጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ይያዝ።